መኪናዎ የሚያሳየው ኪሎ ሜትር ቆቦ ያደርስዎታል?

ጣርማበር ላይ ጣሊያን ያሠራውን ዋሻ ተሻግረው፣ ደብረ ሲናን ወደ ኋላ ትተው ወደ ሸዋ ሮቢት እየወረዱ ነው እንበል። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ደብረ ብርሃን ላይ የደረቡትን ጃኬት ማውለቅ ጀምረዋል። መኪናዎ ሃይብሪድ ነው። ዋሻው አፍ ላይ ሳሉ ዳሽቦርዱ «በቀረው ነዳጅ 410 ኪሎ ሜትር» ይል ነበር። ሸዋ ሮቢት ሲገቡ ቁጥሩን ያዩታል፤ 470 ሆኗል። አርባ ምናምን ኪሎ ሜትር ተጉዘው ስልሳ ኪሎ ሜትር ተመረቀልዎት ማለት ነው።

እኛም ቤት ይህ ነገር በደስታ ነበር የታየው። ጊዜው 2015 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ሰሞን ነው። አማቴ ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ የትውልድ ቦታቸውን ቆቦን አላዩም ነበር። በስልክ የሰሙትን ሁሉ በዓይናቸው ካላዩ እንቅልፍ አልወስዳቸው ስላለ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርተን ቤተሰቡን በሙሉ ጭነን ወጣን። ቁጥሩ ሲጨምር ትልቁ ልጄ አጨበጨበ። እኔም በመኪናዬ ኮራሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍልዎት ያደረገኝ ግን መውረዱ ሳይሆን መመለሱ ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ እንይ፤ ብዙ ሰው መኪናው የፊቱን መንገድ አውቆ የሚናገር ይመስለዋል። የሚያደርገው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጥ በምትንሳፈፍ ኳስ አማካይነት ስንት ሊትር እንደቀረ ይገምታል፤ ከዚያም በቅርቡ በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ አስቦ ያባዛል። 20 ሊትር ቀርቶ በሊትር 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ከነበረ 400 ይላል። ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ነዳጅ የሚነካው ለስሙ ስለሆነ አማካዩ ያድጋል፤ ቁጥሩም አብሮ ያድጋል። ቀጥሎ ዳገት ይኑር ሜዳ፣ ሙቀት ይኑር ጭቃ፣ የሚያውቀው ነገር የለም።

አገራችን ውስጥ ለዚህ ቁጥር ከአዲስ አበባ ቆቦ እንዳለው መንገድ የሚከብደው ያለ አይመስለኝም። ርዝመቱ ወደ 570 ኪሎ ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጣርማበር ከ3000 ይበልጣል፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1300 አካባቢ። ከዚያ በአጣዬና በከሚሴ በኩል ሞቃቱን ሜዳ ይዘው ኮምቦልቻ ይደርሳሉ፤ 1850 ገደማ። ወደ ደሴ ሲወጡ 2500። ከደሴ በሐይቅና በውጫሌ በኩል ወደ መርሳ ይወርዳሉ፣ ለወልድያ እንደገና ይወጣሉ፣ ከወልድያ በጎብዬና በሮቢት አድርገው ወደ ራያ ቆላ ይገባሉ። (ይህኛው ሮቢት ሌላ ነው። «ሮቢት ደርሰናል» ብለው ለዘመድ ሲደውሉ የትኛውን እንደሆነ ካልነገሯቸው ቡናውን ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ቀድመው ያፈሉታል።) ቆቦ 1470 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከምሥራቅ የዞብል ተራሮችን እያየች ተዘርግታለች። በዚህ ሁሉ መውጣትና መውረድ ውስጥ ቁጥሩ አንዴ ይዋሻል፣ አንዴ ያስደነግጣል።

ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ሰውና ሻንጣ የጫነ፣ በጠቅላላው 1700 ኪሎ የሚመዝን የቤት መኪና ከሸዋ ሮቢት ጣርማበር ድረስ 1800 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፣ ለመውጣቱ ብቻ ወደ 2 ሊትር ተኩል ቤንዚን ይፈልጋል። ይህ ለመንገዱ ርዝመት ከሚወስደው በላይ የሚጨመር ነው። በሊትር 20 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና 50 ኪሎ ሜትር ሜዳ ማለት ነው። ሲወርዱ የተመረቀልዎት ስልሳ ኪሎ ሜትር አሁን ትዝ አለዎት? ምርቃት አልነበረም፤ ብድር ነው። ሲመለሱ ዳገቱ ይቀበልዎታል።

«ሃይብሪድ አይደል እንዴ? ቁልቁለቱን ባትሪው ውስጥ ያስቀምጠው የለ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ያስቀምጣል፤ ግን የሃይብሪድ ባትሪ ትንሽ ናት። ሶኬት ላይ የማይሰኩት የተለመደው ሃይብሪድ ባትሪ ብዙውን ጊዜ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ኃይል ነው የሚይዘው፤ መኪናው ለባትሪው ዕድሜ ሲል ከዚያም ከፊሉን ብቻ ነው የሚጠቀምበት። የጣርማበር ቁልቁለት የሚሰጠው ኃይል ደግሞ ከ8 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው። ስለዚህ ገና ጥቂት መቶ ሜትር ከፍታ እንደወረዱ ባትሪው ይሞላና የቀረው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይበተናል። ሞተሩ በድንገት እየጮኸ ሲዞር ከሰሙ አይደንግጡ፤ ተበላሽቶ ሳይሆን ፍሬንዎን እያገዘ ነው። ማርሽዎ «ቢ» የሚል ቦታ ካለው ለእንዲህ ያለው ረጅም ቁልቁለት የተዘጋጀ ስለሆነ ይጠቀሙበት፤ ፍሬን አያቃጥሉም። በስስት «ነዳጅ ልቆጥብ» ብለው ሜዳ ላይ ቢያደርጉት ግን አይጠቅምም፣ ይጎዳል።

ወደ መመለሻው ልምጣ። ቆቦ ሦስት ቀን ቆየን። አማቴ በየዘመዱ ቤት እየገቡ አለቀሱ፣ ሳቁ፣ የማሽላ እንጀራ በሉ፤ የተረፈውን ቆጠሩ፣ የጎደለውን ጠየቁ። እኔ በዚያ ሁሉ መሐል ነዳጅ አላሰብኩም። ማደያዎቹ ቤንዚን እንደሌላቸው ያወቅኩት ለመውጣት በተዘጋጀንበት ጠዋት ነው። ዳሽቦርዱን አየሁ፤ 230 ይላል። ደሴ 170 ኪሎ ሜትር ነው። «ይበቃል፣ ባይበቃም ወልድያ አለ» ብዬ ተነሣሁ። ወልድያ ደረስን፤ ያለው ናፍጣ ብቻ ነው። ቁጥሩን እንደገና አየሁና አሁንም አመንኩት።

ከመርሳ በኋላ ያለውን አልረሳውም። ዳገቱ ሲጀምር ቁጥሩ መኪናው ከሚሄደው ፈጥኖ መውረድ ጀመረ። አንድ ኪሎ ሜትር ስንሄድ ሁለት ይጎድላል። ኤሲ አጠፋሁ፤ ሕፃኗ አለቀሰች። ሐይቅ ስንደርስ 58 ይላል፤ ደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይቀራታል፣ ሽቅብ። የነዳጁ መብራት በርቷል። ማንም አይናገርም። አማቴ ከኋላ ሆነው ለረጅም ጊዜ ዳሽቦርዱን ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይኼ ዕቃ ያለፈውን ነው እንዴ የሚያወራው? የፊቱን አያይም?» አሉኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም መካኒክ ያን ያህል ግልጽ አድርጎ አልነገረኝም። ደፍሬ አልመለስኩላቸውም። «አብሽር፣ እንደርሳለን» አሉ፤ ወሎዎች በጭንቅ ቀን የሚሏት ቃል ናት። ደሴ ስንደርስ 21 ይል ነበር።

«ደረሳችሁ አይደል፣ ታዲያ ምን ችግር አለ?» ይሉኝ ይሆናል። ችግሩ ሃይብሪድ ነዳጅ ሲያልቅበት እንደ ሌላው መኪና አለመሆኑ ላይ ነው። የድሮ መኪና ቤንዚን ቢያልቅበት አንድ ሰው ጀሪካን ይዞ ይሄዳል፣ ይጨመርበታል፣ ይነሣል፤ እምቢ ካለም መንደርተኛ ገፍቶ ያስነሣዋል። እንደ ቶዮታ ፕሪየስና ያሪስ ያሉ ሃይብሪዶች ግን ተራው ሞተሪኖ የላቸውም። ሞተሩን የሚያስነሣው ያው ትልቁ ባትሪ ነው። ነዳጅ ካለቀ በኋላ «በባትሪ ትንሽ ልግፋ» ብለው ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢሄዱና ባትሪው ተሟጦ ቢያልቅ፣ ቤንዚን ቢቀዱለትም አይነሣም። ቢገፉትም አይነሣም። ከሌላ መኪና ገመድ ዘርግተው የሚያበድሩት ኃይል ትንሿን 12 ቮልት ባትሪ እንጂ ትልቁን አይሞላም። የሚቀረው አማራጭ በጭነት መኪና ተጭኖ ሃይብሪድ የሚያውቅ ባለሙያ ወዳለበት ከተማ መሄድ ነው። ውጫሌና ሐይቅ መሐል ከልጆችና ከአያት ጋር ሆነው ይህን ያስቡት።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ቤታችን አንድ ሕግ አወጣ። ነዳጅ የምንቀዳው በቁጥር ሳይሆን በከተማ ነው። ማለትም ዳሽቦርዱ ምንም ይበል፣ «እዚህ ከተማ ላይ እንሞላለን» ብለን ወስነን እንነሣለን። ብዙ ቤተሰቦች የሚሳሳቱት ስሌቱ ስለሚያባብል ነው። 36 ሊትር የሚይዝ ያሪስ በሊትር 18 ቢሄድ 648 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ሞልተው ቆቦ በአንድ ትንፋሽ ይደርሳሉ ማለት ነው። በወረቀት ይደርሳሉ። ግን ባዶ ሆነው ነው የሚደርሱት፤ ቆላው ላይ ደግሞ ነዳጅ መኖሩን የሚያውቀው ቦቴው ነው።

እኛ አዲስ አበባ ሞልተን እንወጣለን። ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ላይ ግማሽ ቢኖርም እንኳ እንሞላለን። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ወልድያ ነው። ከወልድያ ቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፤ ወልድያን ሲያልፉ ግን ወደ ቆላው የሚገቡት መመለሻዎን ይዘው መሆን አለበት። ቆቦ ሲደርሱ፣ እዚያ አንድም ጠብታ ሳይቀዱ ደሴ የሚያደርስ ነዳጅ ይኑርዎት፤ 170 ኪሎ ሜትር፣ የዳገቱ ትርፍ፣ በከተማው ውስጥ ዘመድ ለመጠየቅ የሚዞሩበት፣ በተጨማሪም መንገድ ተዘግቶ ወደ ኋላ ቢመለሱ የሚሆን። በእኔ ልማድ ቁጥሩ ቢያንስ 300 ካላለ ከወልድያ ወደ ታች አልወርድም። የአካባቢውን የመንገድ ደኅንነት ለዘመድ ደውሎ መጠየቅ ዛሬ የጉዞው አንድ ክፍል ሆኗል፤ በዚያው ስልክ «ቤንዚን አለ ወይ?» ማለት ምንም አይጨምርብዎትም። ዘመድ «ሞልቷል» ካለዎት ደግሞ ቤንዚን ነው ናፍጣ ብለው ይድገሙት።

ሌላም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሳሰሉት የኤሌክትሮኒክ መንገዶች ሆኗል። ስለዚህ የስልክዎ ባትሪና ኔትወርኩ የነዳጅዎ አካል ናቸው። በሰሜኑ በኩል ኔትወርክ መጥፋቱን ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኔትወርክ ያለበት ከተማ ላይ መቅዳት ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን አልመክርም፤ ዋጋውን ትተን፣ ላምባ ይሁን ውኃ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ጀሪካን ሞልቶ ሕፃናት ባሉበት መኪና ውስጥ ማስቀመጥማ ጨርሶ አይታሰብ።

የአቀዳድ ልማዳችንም ቁጥሩን ያሳስተዋል። «የአንድ ሺህ ብር» ብለን ስንቀዳ የሚገባው ጥቂት ሊትር ነው፤ ብዙ መኪናዎች ደግሞ የተጨመረው ትንሽ ሲሆን ስሌታቸውን አያድሱም፣ የድሮውን ቁጥር ይዘው ይቀጥላሉ። መኪናው ዘመም ብሎ ሲቆምም ኳሷ ትሳሳታለች። ደሴን የሚያውቅ ሰው ደልዳላ ቦታ ማግኘት እንዴት እንደሆነ ያውቃል። ኬላ ላይ ወይም ማደያ ሰልፍ ላይ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርገው ቆመው ያዩትን ቁጥር ሜዳ ላይ ደግመው ይዩት።

የመኪናዎን እውነተኛ ጠባይ ማወቅ ከፈለጉ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ማደያ ላይ መቅጃው ራሱ «ቀጭ» ብሎ እስኪያቆም ይሙሉና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ዜሮ ያድርጉ። በሚቀጥለው ጊዜም እንዲሁ ይሙሉ፤ የሄዱትን ኪሎ ሜትር በገባው ሊትር ያካፍሉ። ይህን ለከተማ፣ ለዳገት፣ ለሜዳ ለየብቻ ይጻፉት። የእኔ ደብተር ላይ ወደ ቆቦ መሄጃውና መመለሻው ሁለት የተለያዩ መኪናዎች ይመስላሉ። የነዳጁ መብራት ስንት ሊትር ሲቀር እንደሚበራም የመኪናዎ መጽሐፍ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ብዙዎቻችን ያንን መጽሐፍ ከላስቲኩ አላወጣነውም።

መሣሪያው ላይ የሚታየው ሁሉ ትክክል ሆኖም ሊያሳስት ይችላል። አሜሪካ ውስጥ 2019 እ.ኤ.አ. ሞዴል ራቭ4 ሃይብሪድ የገዙ ሰዎች 55 ሊትር የሚይዘው ታንክ አልሞላ ብሏቸው ብዙ አማረሩ። ቶዮታ መርምሮ የታንኩ ቅርጽ እስከ አፉ እንዳይሞላ እንደሚያደርግ አመነ፤ በነፃም እንዲስተካከል አደረገ። እነዚያ ሰዎች ያገኙት ቀድመው ሊትር በመቁጠራቸው ነው።

ስለ ራያ ቆላ ሙቀት ሳልናገር አላልፍም። ሃይብሪድ መኪና ውስጥ ትልቁ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከኋላ ወንበር ሥር ወይም ጀርባ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም እርስዎ ከሚተነፍሱት የመኪናው አየር ነው። ወንበሩ ጎን ወንፊት የመሰለ ቀዳዳ ይፈልጉ። እኛ እዚያ ላይ ምን ደርበን እንደነበር ልንገርዎት? የአማቴን ጋቢ፣ የሕፃኗን ቦርሳ፣ በላዩ ላይ ደግሞ የጤፍ ከረጢት። ባትሪው ሲግል መኪናው ኃይሉን ይቀንሳል፣ ሞተሩን ያዘወትራል፣ ነዳጅ ይበላል፤ የማስጠንቀቂያ መብራት እስከ ማብራትም ይደርሳል። ቀዳዳውን ክፍት ያድርጉ፣ አቧራውን ያስጠርጉ። ኤሲ ማጥፋት በሙቀት ላይ ጀግንነት አይደለም፤ እርስዎ ከተቀቀሉ ባትሪውም አብሮ ይቀቀላል። መኪናው ቆሞ እያለ ኤሲ ሲሠራ ግን ሞተሩ በየጊዜው እየተነሣ ነዳጅ እንደሚወስድ ይወቁ፤ ገበያ ዳር ሰው ሲጠብቁ ጥላ ፈልገው መስኮት ይክፈቱ።

ከቆቦ ጤፍ ሳይጭኑ መመለስ ደግሞ የማይታሰብ ነው፤ አማት ካለ በተለይ። «ነዳጁን የበላው ኩንታሉ ነው» ብዬ በሆዴ አጉረምርሜ ነበር። በኋላ ስቆጥረው አንድ ኩንታል ጤፍ ከሸዋ ሮቢት ጣርማበር ለማውጣት ለከፍታው የሚጠፋው ሩብ ሊትር እንኳ አይሞላም። ኩንታሉ ፖርቶመጋላ ላይ ከተጫነ ግን ነገሩ ክብደት ሳይሆን ነፋስ ይሆናል፤ በፍጥነት ሲሄዱ ነፋሱን መሰንጠቅ ብዙ ያስበላል። ጤፉን ከኋላ ሻንጣው ውስጥ፣ ከባትሪው ቀዳዳ ራቅ አድርገው ያስቀምጡት፤ አማትዎንም ይተዉዋቸው።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ቤተሰብ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና እየዞረ ነው። እዚያም ቁጥሩ ያው ያለፈውን የሚያወራ ነው። ልዩነቱ ባትሪው ትልቅ በመሆኑ ቁልቁለቱ ከሚሰጠው ኃይል ብዙውን መልሶ መያዙ ነው። ሲወጡ ግን ጣርማበር ብቻውን ወደ 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል፤ 60 ለሚይዝ ባትሪ ሰባት እጅ አንድ እጁ መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ ርቆ ቻርጀር ማግኘት ገና ከባድ ስለሆነ ወደ ቆቦ ለመሄድ እስካሁን ሃይብሪዷን እመርጣለሁ።

አማቴ ኋላ ላይ ቆቦ ሄደው ከረሙ። ልንወስዳቸው በተነሣን ቁጥር ስልክ የሚደውሉት እሳቸው ናቸው። ሰላምታው ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «ወልድያ ቀዳችሁ?» የሚል ነው። ባለፈው ግን ከመነሣታችን በፊት፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ደወሉ። የሆነ ነገር የደረሰ መስሎኝ ደንግጬ አነሣሁት።

«ልጄ፣ ተኝተሃል? ማታ ቦቴ ገብቷል። ቤንዚን ነው፣ ጠይቄያለሁ።»